ሳይታሰብ ፎቶ የተነሣ ገጠር

ፎቶግራፍ ከመምጣቱ በፊት የሰሜኑ አገር መሬት የሚመዘገበው በወንጌል ኅዳግ ላይ ነበር። ንጉሥ ወይም መስፍን ለደብር ጉልት ሲሰጥ ጸሐፊው የደብሩን ወንጌል ገልጦ፣ ባዶ ባገኘው ገጽ ላይ ሰጪውን፣ ተቀባዩንና ምስክሮቹን ያሰፍራል፤ ቃሉን ለሚያፈርስም በጴጥሮስ ወጳውሎስ ሥልጣን ግዝት ያኖርበታል። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ ስለ ኢትዮጵያ መሬትና ማኅበረሰብ የጻፈው ትልቁ መጽሐፍ በአብዛኛው የቆመው በእነዚህ የኅዳግ ጽሑፎች ላይ ነው። ጽሑፎቹ ግን መሬቱ የማን እንደሆነ እንጂ ምን እንደሚመስል አይናገሩም። ማሳው ተዳፋት ይሁን ሜዳ፣ ድንበሩ ላይ ወይራ ይብቀል ቁልቋል፣ ለጸሐፊው ጉዳዩ አልነበረም። ከቤቱ ደጃፍ ቆሞ በየቀኑ የሚያየውን አገር ለማን ብሎ ይግለጽ?

መልኩን የጻፉት እንግዶች ናቸው። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ያህል ሲቆይ የሰብሉን ዓይነት፣ የከብቱን ብዛት፣ አንበጣ የበላውን አገርና የሚሰደደውን ሕዝብ እያነሣ ጻፈ። ከእሱ በኋላም ብዙ ተጓዦች መጡ። ሁሉም በየፊናቸው ጽፈዋል፤ ነገር ግን አንዱ ደን ያለው ለሌላው ቁጥቋጦ ነው፤ አንዱ ለም ያለውን ሌላው ጠፍ ይለዋል። ከጽሑፋቸው ተነሥቶ የአንድን ኮረብታ መልክ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም።

ካሜራ የመጣው ከጦር ጋር ነው። በ1860 ዓ.ም. ጄኔራል ናፒዬር አጼ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት 13 ሺህ ያህል ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ በዙላ ሲያርፍ፣ ከእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች መካከል የፎቶግራፍ ቡድን አብሮት ነበር። ቡድኑን የሚመራው ሳጅን ጆን ሃሮልድ ነው። ዋና ሥራቸው የመንገድ ንድፎችን በፎቶ እያባዙ ለመኮንኖች ማደል ነበር፤ ከዚያ የተረፈውን ጊዜ ሰፈሩን፣ መኮንኖቹንና መንገዱን ያነሡበታል። በዚያ ዘመን ፎቶ ማንሣት ቀልድ አልነበረም። የመስታወቱ ሰሌዳ ኬሚካል ተቀብቶ ሳይደርቅ መነሣት፣ ሳይደርቅም መታጠብ አለበት። ስለዚህ ጨለማ ድንኳኑ፣ ጠርሙሱ፣ ውኃው ሁሉ በበቅሎ ተጭኖ ዳገቱን ወጣ፤ ከሰንዓፌ አዲግራት፣ ከአዲግራት አንታሎ፣ ከአንታሎ በአሸንጌ ሐይቅ በኩል መቅደላ። በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን ሁሉ ነገር አለቀ፤ ጦሩም የመቅደላን ዕቃ በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ በመጣበት ተመለሰ።

የዘመቻውን የፎቶ አልበሞች የሚያገላብጥ ሰው ዛሬም የሚፈልገው መቅደላን ነው፤ ቢፈልግም አይፈረድበትም። ከድንኳኖቹ ጀርባ ያለውን የሚያይ ግን ጥቂት ነው። ከጀርባ የሚታየው በበጋ ወራት፣ እህል ከታጨደ በኋላ የተነሣ የባላገር አገር ነው፤ ቃርሚያው የተጋጠ ማሳ፣ ዛፍ የሌለበት ተዳፋት፣ ድንጋዩ ያፈጠጠ ሸንተረር። የሰሜን ኢትዮጵያን መልክዓ ምድር የሚያሳዩ ጥንታዊ ፎቶዎች የምንላቸው እነዚህን ነው። ፎቶ አንሺዎቹ ኮረብታውን አላነሡትም ማለት ይቻላል፤ ኮረብታው ራሱ ገብቶ ነው የተነሣው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሃያ አምስት ዓመታት የገበሬው አገር ክፉኛ የተመታባቸው ናቸው። በ1880 ዓ.ም. ግድም በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው፤ በሬ ሲያልቅ ሞፈርና ቀንበር ተሰቀለ፤ ድርቅና አንበጣ ተጨምረውበት ክፉ ቀን የተባለው ረሀብ እስከ 1884 ዓ.ም. ዘለቀ። በዚሁ ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ ደግሞ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ገባ፤ መጀመሪያ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር ሊያቃልል፣ ኋላ ግን በየገበሬው ጓሮ ሊሰለፍ። ዛሬ የደጋውን ገጠር ያለ ባሕር ዛፍ በዓይነ ኅሊናው ማየት የሚችል ሰው ማግኘት ይከብዳል።

በ1898 ዓ.ም. ኤኖ ሊትማን የሚመራው የጀርመን ቡድን ወደ አክሱም መጣ። የመጡት ለሐውልቶቹና ለጥንታዊ ጽሑፎቹ ነው። ሆኖም ከቡድኑ አባላት አንዱ፣ ሕንፃ ዐዋቂው ቴዎዶር ፎን ሉፕከ፣ ካሜራውን ወደ ተራው ሰው ቤትም አዙሮታል። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1913 ካሳተማቸው ቅጾች አንዱ የሰሜን ኢትዮጵያን መኖሪያ ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት ይዞ ወጣ፤ ሕድሞ የሚባለው ቤት በድንጋይ ግድግዳውና በአፈር ጣሪያው ከነልኩ ተነደፈ። በእኔ ግምት ይህ ከዚያ ዘመን ሥራዎች ሁሉ የተለየ ነው። ሆን ተብሎ የገበሬ ቤት ተለክቶ የተቀመጠበት አጋጣሚ በአገራችን ታሪክ እጅግ ጥቂት ነውና።

በ1919 ዓ.ም. ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ፈቃድ ወደ ገጠሩ ሲወጣ የፈለገው ዘር ነበር። ስንዴውን፣ ገብሱን፣ ጤፉን፣ ኑጉን፣ ሽምብራውን በየማሳው ለቅሞ ሌኒንግራድ ላከ፤ ኢትዮጵያም ከዓለም የሰብል መነሻ ማዕከሎች አንዷ ናት ብሎ ጻፈ። የገበሬው ዘር በራሱ አንድ የእርሻ መዝገብ መሆኑ ለእኛ እስኪታወቀን ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀ። የዕፅዋት ዘረ መል ማዕከል በአዲስ አበባ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በኋላ ማዕከሉን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ የገበሬውን ዝርያ በባንክ ከማስቀመጥ አልፈው በገበሬው ማሳ ላይ እንዲቆይ ደከሙ፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። የዘሩ ታሪክ ራሱን የቻለ ነው፤ ወደ መሬቱ እንመለስ።

ከሁሉም የሰፋውን ፎቶ ያነሣው ሊወጋን የመጣው ነው። ፋሽስት ኢጣሊያ ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ የሰሜኑን አገር ከአውሮፕላን እያነሣ ነበር የሚገፋው፤ ጦሩ ወደ ደቡብ ከመዝለቁ በፊት አውሮፕላኑ ቀድሞ ያልፋል። አብራሪዎቹ የሚመሩበት በ1934 እ.ኤ.አ. የተዘጋጀ፣ መጠኑ 1 ለ400 ሺህ የሆነ ካርታ ነበር። እንዲህ ባለ ካርታ ላይ አንድ ወረዳ የመዳፍ ስፋት እንኳ አይሞላም፤ ተራራውን ከተራራ ለመለየት ፎቶው የግድ ነበር። ካሜራው በአንድ ጊዜ አራት የመስታወት ሰሌዳ የሚያነሣ የሳንቶኒ ሥሪት ነው፤ አንዱ በቀጥታ ወደ ታች፣ ሁለቱ በጥቂቱ ዘንበል ብለው ወደ ግራና ቀኝ፣ አራተኛው አድማሱን እስኪያሳይ ድረስ ወደ ጎን። አውሮፕላኑ ከባሕር ወለል በላይ ከ4000 እስከ 4500 ሜትር ይበራል።

አራቱ ምስሎች ታጥበው ግማሽ ሜትር ርዝመትና 20 ሳንቲ ሜትር ወርድ ባለው ጠንካራ ካርቶን ላይ ጎን ለጎን ተለጠፉ፤ አጠገባቸው መለያ ወረቀት አለ። የመሐለኛው ምስል መጠኑ 1 ለ11 ሺህ 500 ግድም ነው። ሲሰላ አንድ ሳንቲ ሜትር 115 ሜትር ይሆናል ማለት ነው፤ ወርዱ 20 ሜትር የሆነ ማሳ ሁለት ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ጎጆ ቤት የመርፌ ጫፍ ታክላለች። ቢሆንም ማሳው ከማሳ ይለያል። የቤተ ክርስቲያኑ ደን ክብ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይታያል፤ ወንዙ የሚሄድበት፣ መንገዱ የሚጠመዘዝበት፣ የታረሰውና ዕዳሪ የተተወው ይለያል። ከሰሜኑ በኋላ ወደ መሐል አገርም ለአስተዳደር ሥራ ተብሎ በረራው ቀጠለ። ከእንዲህ ዓይነቱ ካርቶን 8 ሺህ 281 ተርፏል።

በዚያ ጦርነት ሰው የሞተበት አንባቢ በዚህ ነገር ቢቆጣ አይገርመኝም። በዚያው ሰማይ ላይ የመርዝ ጋዝ የሚጥል አውሮፕላንም ይበር ነበር። ለገጠራችን ግን ከዚያ በፊት እንደዚያ ያለ መዝገብ አልተሠራለትም፤ መዝጋቢው ጠላት መሆኑ ምስሉን ሐሰት አያደርገውም።

ከነጻነት በኋላ ጊዜው የካርታ ሆነ። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ዓ.ም. የኢትዮጵያና የአሜሪካ የካርታ ሥራ ትብብር አገሪቱን እንደገና ከአየር አነሣ፤ በኋላ እያንዳንዱ ጂኦግራፊ ተማሪ የሚያውቀው የ1 ለ50 ሺህ ካርታ መሠረቱን ከዚያ ዘመን ሥራ አገኘ። የጣሊያኑ ካርቶን በካርታ ሥራ ድርጅቱ መጋዘን ተቀመጠ። አዲስ ፎቶ ሲመጣ አሮጌውን ማን ያየዋል!

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። ርስት፣ ጉልት፣ ጭሰኝነት፣ ሲሶና እርቦ በአንድ አዋጅ ታጠፉ። በዚያው ሰሞን በትግራይ ለገጠር ልማት ጥናት የመጡ የእንግሊዝ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ከእነሱ አንዱ ኒል ሙንሮ አፈሩን፣ ተዳፋቱን፣ ማሳውን በየቦታው ፎቶ አንሥቶ አስቀመጠ። የሙንሮ ሥራ ከእስካሁኑ የሚለይበት ነገር አለ፤ ሰውየው የመጣው መሬቱን ብሎ ነው። ያነሣውም የርስቱ ሥርዓት በሚያበቃበት አፋፍ ላይ ያለውን ገጠር ነው።

ከዚያ የረሀቡ ዓመታት መጡ፤ ከረሀቡም ጋር አንድ ቁጥር መጣ። ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶው የኢትዮጵያ መሬት በደን የተሸፈነ ነበር፤ ዛሬ ከዚያ የቀረው ጥቂት ነው ተባለ። ትምህርት ቤት ያልተማረው፣ በሬዲዮ ያልሰማው የለም። የእርሻ ታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጽሑፍ ይህ ትረካ በማስረጃ ሳይሆን በመደጋገም የቆመ ነው ሲል ተከራከረ፤ ከማካን ውጭም ቁጥሩን የተጠራጠሩ የደን ባለሙያዎች ነበሩ። ነገሩ የምሁራን ክርክር ብቻ እንዳይመስል። ደኑን በአንድ ትውልድ ያጠፋው ገበሬው ነው ብሎ የሚያምን ሹም መሬቱን ከገበሬው ለማዳን ይነሣል፤ ከልሎ ያስወጣዋል፤ ዛፍ ሲያስተክለውም ሳይጠይቀው ነው። ዛፉ የማን እንደሆነ ያልተነገረው ገበሬ ደግሞ ሥርዓቱ በተቀየረ ማግስት መጥረቢያውን ይዞ ይወጣል፤ በ1983 ዓ.ም. በብዙ ቦታ የሆነውም ይኸው ነው።

ከዚያ ለውጥ በፊት በነበሩት ዓመታት መንግሥቱ በበኩሉ የገጠሩን መልክ በእጁ እየለወጠ ነበር። በምግብ ለሥራ ዘመቻ እርከን ተሠራ፣ ክትር ተገነባ፣ ጉብታው ተከለለ። ስዊሱ ሃንስ ሁርኒ ከ1967 ዓ.ም. አንሥቶ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ኃላፊ ሆኖ ሲሠራ የጀመረውን የአፈር ጥናት በ1973 ዓ.ም. ወደ አገር አቀፍ ምርምር አሰፋው። ወሎ ማይባር፣ ጎጃም አንጀኒ፣ ሸዋ አንዲት ጥድ እየተባለ ጣቢያ ተከፈተ፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥር የፈሰሰው ውኃና የታጠበው አፈር በየዕለቱ ተለክቶ ተጻፈ። ከዚያ መንደር ምስረታው መጣ። በየጉብታው ተበትኖ፣ ከማሳው አጠገብ፣ ጓሮውን ከኋላው አድርጎ ይኖር የነበረው ገበሬ በመስመር በተሠራ መንደር እንዲሰፍር ተደረገ። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ቤቱን አፍርሶ እንጨቱን ተሸክሞ ሄደ። በ1982 ዓ.ም. ፖሊሲው ሲላላ በብዙ ቦታ ሰው ወደ ቀድሞው ጎጆ ቦታው ተመለሰ። በመንደር ምስረታው ዓመታት ውስጥ የጠፋውን፣ ማለትም ማን የት ይኖር እንደነበር፣ የማን አውድማ የት እንደነበር፣ ከየትኛው ምንጭ ይቀዳ እንደነበር፣ ከሰዎቹ ትዝታ በቀር የያዘው ሰነድ ማግኘት ከባድ ነው።

አሮጌ ፎቶ ይዞ ወደ መሬቱ መመለስ የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ክራሚ እ.ኤ.አ. በ1937 በወሎ በኢጣሊያኖች የተነሡ ፎቶዎችን ይዞ ከስልሳ ዓመት በኋላ ወደዚያው ወጣ። ያሳተመው ጽሑፍ ርዕስ የወሎ ደን መመናመን እውነት ነው ወይስ የዓይን ማታለል የሚል ጥያቄ ነው። ባነጻጸራቸው ቦታዎች በአብዛኛው ያገኘው ከድሮው ይልቅ የበዛ ዛፍ ነው፤ ዛፉም በመንግሥት ዘመቻ የተተከለ ብቻ አልነበረም፤ ገበሬው ለራሱ ያቆመውም ነበረበት።

በትግራይ ደግሞ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ቤልጅየማዊው የጂኦግራፊ ተመራማሪ ያን ኒሰን፣ ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲው የአፈር ሊቅ ከምትኩ ኃይሌና ከሌሎች ጋር ተሠማራ። የሙንሮ ፎቶዎች ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንደገና ተነሡ። ቀጥሎ የ1860ዎቹ ተራ ሆነ። ልክ 140 ዓመት ሲሞላ፣ በ2000 ዓ.ም. በጋ፣ የናፒዬር መሐንዲሶች ካነሧቸው ቦታዎች 13ቱ ተለይተው፣ ከዚያው ቦታ፣ በዚያው ወቅት በድጋሚ ተነሡ።

ቦታውን ማግኘት ራሱ ጥበብ ነው። የአሮጌው ፎቶ መግለጫ አንድ የሰፈር ስም ቢሰጥ ነው፤ አንዳንዴም ስሙን እንግሊዛዊው ጆሮው እንዳመቸው ነው የጻፈው። ፎቶውን ለአገሬው ሽማግሌዎች ማሳየት ይረዳል፤ ቤቱ ቢጠፋ ዛፉ ቢቆረጥ፣ የተራራው ጫፍ አይጠፋቸውም። ሸንተረሩ ከታወቀ በኋላ ሥራው የእግር ነው። በፎቶው ላይ ከፊት ያለ ቋጥኝና ከኋላ ያለ የተራራ ጫፍ ይመረጣሉ፤ ቋጥኙ ከጫፉ በስተግራ ስንት ጣት እንደሚርቅ ይታያል። ከዚያ አንሺው ያ ርቀት እስኪገጥም ወደ ጎን ይሄዳል፤ ከፊትና ከኋላ ያለው መጠን እስኪመጣጠን ወደ ፊት ይገባል፣ ወደ ኋላ ይወጣል። ሁለት ሦስት እንዲህ ያሉ ጥንዶች በአንድ ጊዜ የገጠሙ ዕለት ያ መሐንዲስ የቆመበት ላይ ቆሟል። ወቅቱም መጠበቅ አለበት፤ በበጋ የተነሣን ማሳ ከክረምት ማሳ ጋር ማወዳደር ራስን ማታለል ነው።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ። በጥንዶቹ ምስሎች ላይ የዕፅዋት ሽፋኑ ከ1860 ዓ.ም. ይልቅ በ2000 ዓ.ም. በግልጽ ይሻላል። ባሕር ዛፉ አለ፤ ግን አገር በቀሉም ቁጥቋጦና ዛፍ በየቦታው አገግሟል፤ በማሳው ላይ ያለው የአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራም ጨምሯል። የዝናቡ ሁኔታ በሁለቱም ዘመን ተቀራራቢ ነው፤ የሕዝቡ ብዛት ግን አሥር እጥፍ ሆኗል። ሁሉም ነገር አልዳነም። በአንዳንዱ ፎቶ ላይ በወንዝ ዳር የነበረው ዛፍ ተጠርጎ ሄዷል፤ ወንዙ አልጋውን ያሰፋው በተለይ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ተመራማሪው አማውሪ ፍራንክል ቦረቦሮችን ለይቶ በዚሁ ዘዴ ሲያጠና ተመሳሳይ ታሪክ አገኘ። እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ድረስ ቦረቦሩ ብዙም አይንቀሳቀስም፤ ከዚያ እስከ 2000 ግድም በፍጥነት ይቦረቡራል፤ ከዚያ ወዲህ ረጋ ብሏል። ስለዚህ በ1977 ዓ.ም. የመጣ ጋዜጠኛ ያየው የተቦረቦረ አገር ውሸት አልነበረም። ስህተቱ ያንን አገር ሁልጊዜ እንደዚያ የነበረና ወደፊትም እንደዚያ የሚቀር አድርጎ መውሰዱ ነው።

13 ፎቶ ስለ ኢትዮጵያ አይናገርም ብሎ የሚከራከረኝ ቢኖር እስማማለሁ። ፎቶዎቹ አንድ ጦር በሄደበት በአንድ መስመር ላይ ያሉ ናቸው፤ የጎጃምን ደጋ፣ የከፋን ጫካ፣ የባሌን ተራራ አያውቁም። በደቡብ ምዕራብ ደን እየተመነጠረ መሆኑን የሚክድ የለም። 13ቱ የሚያፈርሱት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የትግራይ ተራራ በአያት ዘመን ጫካ ነበር፣ የልጅ ልጅ ነው ያራቆተው የሚለውን።

ከዚያ መጋዘኑ ተከፈተ። የጣሊያን ዘመን ካርቶኖች በአዲስ አበባ የካርታ ሥራ ኤጀንሲ ውስጥ መኖራቸው ለተመራማሪዎች ሲታወቅ፣ ኒሰንና ባልደረቦቹ እያንዳንዱን በስካነር አንሥተው ዝርዝሩን እ.ኤ.አ. በ2016 አሳወቁ። ከእንግሊዝ ፎቶዎች ጋር ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። የእንግሊዙ አንድ ኮረብታ ያሳያል፤ ይህ ግን አገር ነው።

ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች መካከል በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖችን የሚያጠኑ ሰዎች ነበሩ። ዓለማየሁ ዋሴ የነዚህን ደኖች ዕፅዋት በ28 አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ከጨረሰ በኋላ ጉዳዩ በዓለም ታውቋል፤ በደረቀ ማሳ መሐል የቆመች አረንጓዴ ክብ የማያውቅ የለም። ሁሉም የሚለው ግን ደኑ እየጠበበ ነው፣ ሊያልቅ ነው ነበር። ፒተር ስከልና ባልደረቦቹ የ1938 እ.ኤ.አ. የአየር ፎቶን ከ2015 የሳተላይት ምስል ጋር ሲያስተያዩ የደኑ ስፋት በአብዛኛው እንዳለ ቆይቶ አገኙት። የተለወጠው ሌላ ነው። በድሮው ፎቶ ከደኑ ውጭ ቁጥቋጦና ነጠላ ዛፍ ተበታትኖ ይታያል፤ ዛሬ እሱ ታርሶ አልቆ ደኑ ከማሳ ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቷል። ወደ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ጥዱና ወይራው በነበረበት ጠርዝ ባሕር ዛፍ ገብቷል። ክቡ አልጠበበም፤ ግን ያው ክብ አይደለም። ይህን ከመሬት ሆኖ ማንም አያየውም፤ ቄሱም ገበሬውም በየቀኑ ስለሚያዩት ለውጡ አይታወቃቸውም።

በደቡብ በኩል መዝገቡ ሌላ መንገድ ያዘ። የኮንሶ እርከንና በድንጋይ የታጠሩ መንደሮች፣ 55 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ በሰኔ 2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኑ። እዚያ ሰነድ ፍለጋ ወደ ውጭ አገር ማኅደር መሄድ አላስፈለገም፤ ኮንሶዎች ትውልድ በተፈራረቀ ቁጥር ድንጋይ ስለሚያቆሙ ሃያ አንድ ትውልድ፣ ከ400 ዓመት በላይ፣ እዚያው መንደራቸው ውስጥ ተቆጥሮ ተገኘ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ መልክዓ ምድር ተከተለ፤ ከላይ ትልልቅ አገር በቀል ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ጥላ ቡና። ተመራማሪው ታደሰ ኪፔ ይህን እርሻ ከሃያ ዓመት በፊት ለዶክትሬት ሲያጠኑት ያነሡት ጥያቄ እንዲህ ያለ ጥቅጥቅ ብሎ የሰፈረ ሕዝብ ዛፉን ሳይጨርስ እንዴት ለሺህ ዓመታት ኖረ የሚል ነው። በቅርስነት የተመዘገበው መሬት ግን ሙዚየም አይደለም። ልጁ እርከን መጠገኑን ትቶ ለሥራ ከተማ ከሄደ ድንጋዩ በሁለት ክረምት ይናዳል፤ ሰርተፊኬቱ ድንጋይ አይክብም።

በሰሜኑ ያለው ማገገምም ዋስትና አልነበረውም። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው ጦርነት በትግራይ መብራቱም ነዳጁም ሲቋረጥ ከተሜው እንደ ጥንቱ ወደ እንጨትና ከሰል ዞረ፤ ከንክኪ ነፃ ተብሎ ለዓመታት የተጠበቀው ጉብታ ደግሞ ለከተማው ቅርብ ነበር። የ2000 ዓ.ም. ፎቶዎች ራሳቸው አሁን አሮጌ ፎቶ ሆነዋል፤ እንደገና ይዞ መውጣት ያስፈልጋል።

እስካሁን ያወራሁት በአብዛኛው እንግዳ ስላነሣው ነው። እኛ ሳናስበው የሠራነው መዝገብም አለ። በትግራይ ከ1990 ዓ.ም. ገደማ፣ በአማራ ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይሰጥ ጀመር፤ ኦሮሚያና ደቡብም ተከተሉ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ማሳ ለ6 ሚሊዮን ያህል ቤተሰብ ተመዘገበ። የቀበሌው ኮሚቴ በገመድ እየለካ የጻፈው ስፋቱን ብቻ አይደለም። ከመሬቱ ዝርዝር ጋር በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሊት፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ ወንዝ እያለ አዋሳኙን አስፍሯል፤ በትግራዩ መዝገብ ማሳው የሚገኝበት ቦታ መጠሪያና የአፈሩ ደረጃም አለ። በኋላ የመጣው ሁለተኛ ደረጃ ደብተር የማሳውን ቅርጽ ከአየር ፎቶ ላይ በትክክል ያሳያል፤ ለክርክር የተሻለ ነው። ጎረቤትን በስም መጥራት ግን ለእሱ ዋና ነገር አይደለም። ጉዳዩ የታሪክ ሲሆን እኔ በገመድ የተለካውን እመርጣለሁ።

በከተማ ዳር ያለው ገጠር ከሁሉም ቀድሞ ነው የሚሄደው። የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሳይሆኑ የጤፍና የስንዴ ማሳ ነበሩ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱን ለሚለቅ ገበሬ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ የዓመት ገቢው አሥር እጥፍ እንዲከፈለው አዘዘ፤ በ2011 ዓ.ም. የተካው አዋጅ ቁጥር 1161 ወደ አሥራ አምስት እጥፍ አሳደገው። ክፍያው ይበቃል አይበቃም የሚለው ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። ካሳው እንዲሰላ ግን ገማቾች እርሻው ላይ ወጥተው ያለውን መጻፍ ነበረባቸው፤ የሚታረሰው ምን ያህል፣ በየዓመቱ የተገኘው ምርት ስንት፣ ቋሚ ተክሉና ዛፉ በዓይነት፣ ቤቱ፣ አጥሩ። ከዚያ ገበሬው ይነሣል፤ ዶዘሩ ይገባል። የአንድ እርሻ የመጨረሻ ዝርዝር ያለበት ወረቀት ይኸው ነው፤ የተቀመጠውም ከክፍያ ሰነድ ጋር ነው። የክፍያ ሰነድ ደግሞ የመቆያ ዘመን አለው። ዘመኑ ሳያልቅ ቅጂውን ወደ ወመዘክር ወይም በአቅራቢያው ወዳለ ዩኒቨርሲቲ ማሻገር አንድ የቢሮ ደብዳቤና አንድ ስካነር የሚጠይቅ ሥራ ነው።